ካርታው በማን ስም ነው? ቆጵሮስ ላይ ቤት ስለመግዛትና ጓዝ ጠቅልሎ ስለመግባት

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቆጵሮስ ናቸው። የግል መረጃን አውጥተን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በዩሮ ነው። ስለ ባሕሩና ስለ ፀሐዩ የጠየቀን የለም፤ እኛም ወደ ወረቀቱ እንግባ።

ጥያቄ፦ የብሪታንያ ዜግነት አለኝ፤ ጡረታ ልወጣ ነው። ጳፎስ ከተማ ውስጥ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ በ210,000 ዩሮ አገኘሁ። ደላላው «ሰው እየጠየቀው ስለሆነ 5,000 ዩሮ ቶሎ አስይዢ» እያለ ይወተውተኛል። ከምን ልጀምር? — ወ/ሮ ት.፣ በርሚንግሃም

መልስ፦ ከጠበቃ ይጀምሩ። ጠበቃው የእርስዎ ብቻ ይሁን፤ ደላላው የሚያመጣው ወይም ለሻጩም የሚሠራ አይሁን። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይታከልበታል። ከጠቅላላው ወጪ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ቀብዱን መስጠት ክፉ ነገር አይደለም፤ ቤቱ ከገበያ እንዲወጣ ያደርጋል። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ በመሬት መዝገቡ ላይ ዕዳ፣ እገዳ ወይም ያልተፈቀደ ግንባታ ከተገኘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይህን መጻፍ የማይፈልግ ደላላ ካጋጠመዎት ቸኩሎ ያስቸኮለዎት ለምን እንደሆነ ገብቶዎታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመዝገብ ፍተሻ ነው። የመሬትና ቅየሳ መምሪያው የፍተሻ ማስረጃ ይሰጣል። ማስረጃው የባለቤቱን ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩን፣ የፕላኑንና የቁራሹን ቁጥር፣ ስፋቱን፣ እንዲሁም የተመዘገበበትን የባንክ ዋስትና፣ የፍርድ ቤት ዕዳና ቀድሞ የገባ የሌላ ሰው ሽያጭ ውል ያሳያል። መምሪያው ይህን ለማንም መንገደኛ አይሰጥም፤ ባለቤቱ ራሱ ወይም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደለት ሰው መጠየቅ አለበት። ሻጩ ፈቃዱን ለመስጠት ቢያንገራግር ሌላ ቤት ይፈልጉ። ማስረጃው ከወር በፊት የወጣ ከሆነ አይጠቅምም፤ ውል በሚፈረምበት ሳምንት እንደገና ይውጣ። በደሴቲቱ ሰዎች አንደበት ካርታው «ኮቻን» ይባላል። ሻጩ «ኮቻን አለው» ሲልዎ ለዚያች አፓርታማ የተለየ ኮቻን መሆኑን ይጠይቁ። ሕንፃው የቆመበት መሬት ኮቻን ሌላ ነገር ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ብዙ ሰው የሚሰንፍበት ደረጃ ይመጣል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ውሉ በመሬት መምሪያው ቢሮ ገቢ መደረግ አለበት። ሕጉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ይሰጣል፤ እርስዎ ግን በማግስቱ ያስገቡት። ገቢ የሆነ ውል በቤቱ ላይ እንደ እገዳ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ቢሸጥ ወይም አበዳሪ ቢመጣበት የእርስዎ መብት ይቀድማል። ሻጩ ስም ለማዛወር እምቢ ቢል እንኳ ፍርድ ቤት እንዲያዛውር ሊያስገድደው ይችላል። ከእርስዎ በፊት የተመዘገበ ዕዳ ካለ ግን ገቢ ማድረጉ አያድንዎትም። ፍተሻው ውል ከመፈረም በፊት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለወጣች እርስዎ የሦስተኛ አገር ዜጋ ነዎት። ስለዚህ የግዢ ፈቃድ ከአውራጃ አስተዳደር ቢሮ ማውጣት ይኖርብዎታል። የሚፈቀደው አንድ ቤት ወይም አንድ አፓርታማ፣ አለዚያም ለመኖሪያ የሚሆን እስከ 4,014 ካሬ ሜትር መሬት ነው። በአካባቢው ልኬት ሦስት ዶነም ማለት ነው። ባልና ሚስት እንደ አንድ ገዢ ይታያሉ። ፈቃዱ ንጹሕ መዝገብ ላለው ሰው ብዙም አይከለከልም፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ፈቃዱ ሳይመጣ ቤቱን ተረክበው መኖር ይችላሉ፤ ካርታው ግን በስምዎ አይዞርም።

የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ስም በሚዛወርበት ዕለት፣ በመሬት መምሪያው መስኮት ፊት ነው። ሻጩ የግብር፣ የማዘጋጃ ቤትና የፍሳሽ ቦርድ ዕዳ እንደሌለበት ማስረጃ ይዞ ይመጣል። የካፒታል ዕድገት ግብሩም የእርሱ ዕዳ ነው። እርስዎ መገኘት ካልቻሉ ለጠበቃዎ ውክልና ይስጡ። ውክልናው በቆጵሮስ ቆንስላ ይፈረም ወይም የአፖስቲል ማኅተም (ሰነዱ በውጭ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚደረግ ማረጋገጫ) ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቤት መግዛት የመኖር መብት አይሰጥም። ፈቃድ ከሌለዎት በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይችሉም። ከዚያ በላይ ለመኖር በየጊዜው የሚታደስ የጎብኚ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ቋሚ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ሁለቱም ከውጭ የሚመጣ ቋሚ ገቢ ይጠይቃሉ። የመንግሥት ጡረታ መውሰድ ሲጀምሩ ኤስ 1 የተባለውን ቅጽ ከብሪታንያ ያስልኩ፤ በእሱ አማካይነት በቆጵሮስ የጤና ሥርዓት በጌሲ መመዝገብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሊማሶል አጠገብ ገና እየተገነባ ያለ ሕንፃ ላይ አንድ ቤት በጥሩ ዋጋ ቀረበልኝ። አልሚው «ካርታው ሕንፃው ሲያልቅ ይወጣል» ይላል። ልመነው? — አ.መ.፣ ስቶክሆልም

መልስ፦ አልሚው እየዋሸዎት ላይሆን ይችላል። ችግሩ «ሲያልቅ» የምትለው ቃል ምን ያህል ዓመት እንደምትይዝ ነው።

የተናጠል ካርታ እንዲወጣ የፕላን ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ግንባታው በፈቃዱ መሠረት መጠናቀቁን የሚያረጋግጥ የመጨረሻ ማጽደቂያ፣ ከዚያም የሕንፃው ክፍፍል ምዝገባ በተራ መገኘት አለባቸው። ከሕንፃው ቤቶች አንዱ ሰገነቱን በመስታወት ዘግቶ ክፍል ቢያደርገው፣ ወይም አልሚው ራሱ ከፈቃዱ ውጪ አንድ መጋዘን ቢጨምር፣ የሁሉም ካርታ ሊንጠለጠል ይችላል። ካርታው ቢወጣም ያልተፈቀደ ግንባታ መኖሩን የሚገልጽ ማስታወሻ ይጻፍበታል፤ አንዳንዱ ማስታወሻ ደግሞ ስም ማዛወርን ያግዳል።

ትልቁ አደጋ ግን ከባንክ ነው። አልሚዎች ብዙ ጊዜ መሬቱን አስይዘው ይበደራሉ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በርካታ አልሚዎች ዕዳ መክፈል ሲያቅታቸው ለቤታቸው ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ካርታ ሳያገኙ ቀሩ፤ ሙሉው መሬት በባንክ ዋስትና ተይዞ ነበር። «የታሰሩ ገዢዎች» ይባሉ ነበር። በ2015 ለእነሱ የተለየ ሕግ እስከማውጣት ተደረሰ። ያ ሕግ የተጻፈው ላለፈው በደል ነው፤ ለወደፊቱ እንደ መድን አይቁጠሩት።

ስለዚህ መሬቱ ከተያዘ ባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይስጥ። በደብዳቤው ባንኩ እርስዎ ሙሉ ዋጋውን ሲከፍሉ የእርስዎን ቤት ከዋስትናው ነፃ እንደሚያደርግ ያረጋግጣል። ደብዳቤውን ሲያነቡ የሒሳብ ቁጥር የተጻፈበትን መስመር ይፈልጉ። መልቀቂያው የሚሠራው ክፍያው በዚያ ሒሳብ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። አልሚው «በዚህኛው ቁጥር አስገባ፣ ያው ነው» ብሎ ወደ ሌላ ሒሳብ ቢያስልክዎ ባንኩ «ለእኔ አልደረሰኝም» ብሎ ዋስትናውን ይዞ ይቀመጣል። ሙሉ ዋጋ ከፍለውም ዕዳው በቤትዎ ላይ ይቀራል።

ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር ይታሰር፦ መሠረት፣ የኮንክሪት አጽም፣ ግድግዳ፣ ንጣፍና መስኮት፣ ርክክብ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ማረጋገጫ ይኑር። «ከሦስት ወር በኋላ ይህን ያህል» የሚል የቀን መቁጠሪያ ክፍያ አይቀበሉ፤ ቀኑ ይደርሳል፣ ግንባታው አይደርስም። ከዋጋው 5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን የመጨረሻ ማጽደቂያው እስኪመጣ ይያዙ። አልሚው ይከራከርዎታል። ይከራከር፤ ካርታውን እንዲያፋጥን የሚገፋው ሌላ ነገር ብዙም የለዎትም።

ጥያቄ፦ ቤቱን በባለቤቴና በእኔ በሁለታችንም ስም ማስመዝገብ የስም ዝውውር ክፍያ ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እውነት ነው። ክፍያው ደረጃ አለው፦ እስከ 85,000 ዩሮ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 170,000 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 8 በመቶ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተከፈለበት ያገለገለ ቤት ላይ ከጠቅላላው ግማሹ ይቀነሳል። ታክሱ የተከፈለበት አዲስ ቤት የዝውውር ክፍያ የለበትም።

ቤቱ 250,000 ነው እንበል። በአንድ ሰው ስም ከሆነ 2,550፣ 4,250 እና 6,400፣ ድምሩ 13,200 ይመጣል፤ ግማሹ 6,600። በሁለት ሰው ስም እኩል ከሆነ ለእያንዳንዱ 125,000 ይሰላል፦ 2,550 ሲደመር 2,000፣ 4,550። ሁለቱ 9,100፣ ግማሹ 4,550። 2,050 ዩሮ ቆጥባችሁ ሁለታችሁም ባለቤት ትሆናላችሁ። መምሪያው ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከገበያው ዝቅ ብሎ ከታየው በራሱ ግምት ሊያሰላ ስለሚችል ውሉ ላይ ዋጋ ማሳነስ አያዋጣም፤ ወንጀልም ነው።

ጥያቄ፦ ኪሬኒያ ዳር ባሕር ፊት ለፊት የሆነ አፓርታማ በ95,000 ማስታወቂያ አይቼ ደነገጥኩ። ላርናካ ላይ ተመሳሳዩ እጥፍ ነው። ለምን ይረክሳል? — ሰ.፣ ሚላን

መልስ፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስለሚያከራክር ይረክሳል። ከ1974 ጀምሮ ኪሬኒያ ያለችበት የደሴቲቱ ሰሜን ክፍል ከቆጵሮስ ሪፐብሊክ መንግሥት ቁጥጥር ውጪ ነው። እዚያ ያለውን አስተዳደር እንደ መንግሥት የምታውቀው ቱርክ ብቻ ናት። በዚያ ዓመት ወደ ደቡብ የሸሹ የግሪክ ቆጵሮሳውያን ቤትና መሬት በሪፐብሊኩ መዝገብ እስከ ዛሬ በስማቸው ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ብዙ አዲስ ሕንፃ ቆሟል።

የሚያስከትለውን በአንድ የታወቀ ክስ ማየት ይቻላል። በዚሁ ሰሜን ክፍል ላፒቶስ ላይ ቪላ የሠሩ አንድ የብሪታንያ ባልና ሚስት በመሬቱ ባለቤት ተከሰሱ። በ2004 የኒቆሲያ ፍርድ ቤት ቤቱን አፍርሰው መሬቱን እንዲመልሱ ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 ውሳኔው በሌሎች የኅብረቱ አገራት እንዲፈጸም መንገዱን ከፈተ፤ በ2010 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም አጸናው። ይህ ማለት ኪሬኒያ ባለ ቤት ምክንያት በአውሮፓ ያለ ሌላ ንብረትዎ ሊነካ ይችላል። ከዚህም አልፎ በሪፐብሊኩ የወንጀል ሕግ የሌላን ሰው መሬት ያለ ፈቃዱ መሸጥ፣ መግዛትና ማስተዋወቅ እስከ ሰባት ዓመት ያስቀጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ጉዳይ የተያዙና የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ።

ሻጮች «ይህ ከ1974 በፊት የቱርክ ካርታ (በቱርክ ቆጵሮሳዊ ስም የወጣ) ያለው ነው» ይሉዎታል። እንዲህ ዓይነት ቦታ በእርግጥ አለ፤ ከሌላው ይልቅ አደጋውም ያንሳል። ይሁን እንጂ ይህን በሪፐብሊኩ መዝገብ ሳያጣሩ፣ ገለልተኛ ጠበቃ ሳያዩ ማመን አይቻልም። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የጀርመን ዜጋ ነኝ። በአዲስ ቤት ላይ 5 በመቶ ብቻ ታክስ እንደሚከፈል ሰማሁ፤ ሌላው ደግሞ 19 ነው ይለኛል። የትኛው ነው? ባለቤቴስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት፤ ወረቀቷ እንዴት ይሆናል? — ዮ.፣ ከኮሎኝ

መልስ፦ ሁለቱም አለ። መደበኛው 19 በመቶ ነው። ቤቱ ዋናና ቋሚ መኖሪያዎ ከሆነ ግን በ2023 በተሻሻለው ደንብ ከስፋቱ የመጀመሪያዎቹ 130 ካሬ ሜትር፣ ከዋጋውም እስከ 350,000 ዩሮ ያለው 5 በመቶ ይታሰብበታል። ሁለት ጣሪያዎች አሉ፦ የቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ከ475,000፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ190 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም። አንዱን ካለፉ ሙሉው በ19 ይሰላል። 191 ካሬ ሜትር የሆነ ፕላን ይዞ የሚመጣ ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ምክንያት አሥር ሺዎች ይከፍላልና ፕላኑን ከመፈረም በፊት ያስለኩ።

300,000 ዩሮ የሆነ የ100 ካሬ ሜትር አፓርታማ ላይ ልዩነቱ 57,000 ወይም 15,000 መክፈል ነው። ማመልከቻው ለግብር መምሪያው የሚቀርበው ቤቱን ተረክበው መኖር ከመጀመርዎ በፊት ነው። ግዴታው ደግሞ አሥር ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ቤቱን ቢያከራዩ፣ ቢሸጡ ወይም ቢለቁ ለቀረው ዘመን የሚደርሰውን ልዩነት ይመልሳሉ። በምሳሌያችን በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢለቁ ከ42,000 ላይ አራት አሥረኛው፣ 16,800 ዩሮ ማለት ነው። በክረምት ኖረው በበጋ ለቱሪስት ለማከራየት ካሰቡ ቅናሹን አይጠይቁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ከሦስት ወር በላይ ለመኖር ካሰቡ ከገቡበት ቀን ጀምሮ በአራት ወር ውስጥ የኅብረቱ ዜጎች ምዝገባ ማስረጃ ማውጣት አለብዎት። ማመልከቻው ሜዩ 1 ይባላል፤ ሰው «ቢጫው ወረቀት» ይለዋል። የሥራ ውል፣ ወይም ሥራ ከሌለዎት በቂ ገቢና የጤና መድን ያሳያሉ። ባለቤትዎ የኅብረቱ ዜጋ የቤተሰብ አባል ስለሆኑ በዚያው አራት ወር ውስጥ ሜዩ 2 ያመለክታሉ። የጋብቻ ማስረጃው ትርጉምና ሕጋዊ ማረጋገጫ ይፈለግበታል። የሚዘገየው እሱ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ዱባይ እንሠራለን፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ሁላችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት። በ300,000 ዩሮ የቆጵሮስ ፓስፖርት ይሰጣል የሚል ወኪል አገኘን። — ከዱባይ

መልስ፦ በገንዘብ ዜግነት የሚሰጠው ፕሮግራም በኅዳር 2020 ተዘግቷል። ዛሬ ፓስፖርት የሚሸጥልዎ ወኪል አጭበርባሪ ነው።

በ300,000 የሚገኘው ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ነው። በ2023 ጠብቆ በወጣው መስፈርት መኖሪያ ቤቱ አዲስ፣ ከአልሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠ መሆን አለበት። ቢያንስ 300,000 ዩሮና ታክሱ ማመልከቻ ሲቀርብ ተከፍሎ፣ ውሉም በመሬት መምሪያው ገቢ ሆኖ መገኘት አለበት። ዓመታዊ ገቢ ቢያንስ 50,000፣ ለትዳር ጓደኛ 15,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 10,000 ይጨመራል። የእናንተ 85,000 ዩሮ ይሆናል። ቤት ለመግዛት ሲሆን ገቢው ከቆጵሮስ ውጪ የሚመጣ መሆን አለበት። ደሞዛችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ባንክ ያለው ገንዘብ አያካክሰውም።

የሚሰጠው ፈቃድ ቆጵሮስ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራትን አይፈቅድም። ሌላ የኅብረቱ አገር መኖርና መሥራትንም አያካትትም። በየሁለት ዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደሴቲቱን መርገጥ፣ ቤቱንም ይዞ መቆየት ግዴታ ነው። ወኪሎች ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ የሚያልፉት ደግሞ የባንኩን ጥያቄ ነው፦ የ300,000ው ምንጭ በወረቀት ይፈተሻል። የደሞዝ ወረቀት፣ የሽያጭ ውል፣ የሒሳብ እንቅስቃሴ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ከዘመድ የተሰበሰበ» የሚለው ማብራሪያ ለባንኩ አይበቃውም፤ ስጦታም ከሆነ የሰጪው ምንጭ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ጳፎስ አካባቢ ባለ መንደር የድንጋይ ቤት በርካሽ አይተናል። ማደስ እንፈልጋለን። — ከአምስተርዳም

መልስ፦ የመንደር ቤት ውብ ነው፤ ግን አብዛኛው ችግር ከመፈራረሱ ሳይሆን ከመዝገቡ ይመጣል። በውርስ ለብዙ ወራሾች የተከፋፈለ ቤት ላይ ሻጩ ያለው ሦስት ስምንተኛ ድርሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀሪው አውስትራሊያ ባሉ የአጎት ልጆች ስም ይቀመጣል። ሁሉንም ድርሻ በአንድ ውል፣ በአንድ ቀን ካልገዙ የሚያድሱት የሌላ ሰው ግድግዳ ነው።

በ1974 ወደ ሰሜን የሄዱ የቱርክ ቆጵሮሳውያን ቤቶች ደግሞ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞግዚትነት ሥር ናቸው። በየመንደሩ አሉ፤ ባዶ ሆነው ቢታዩም እንደማንኛውም ቤት አይሸጡም። ፍተሻው የባለቤቱን ስም ስለሚያሳይ ቀድሞ ይታወቃል።

መሬት ከተጨመረበት የፕላን ዞኑን ይጠይቁ። በእርሻ ዞን የሚፈቀደው ግንባታ ብዙ ጊዜ ከስፋቱ 10 በመቶ አካባቢ ነው። የተመዘገበ መንገድ የማይደርሰው ቁራሽ ደግሞ የግንባታ ፈቃድ አያገኝም፤ ሻጩ የሚያሳይዎት ጎረቤቱ «እለፍ» ያለው የአፈር መንገድ አይቆጠርም። ተዳፋት ላይ ከሆነ የሥነ ምድር ጥናት መምሪያውን ካርታ ያስመልክቱ። ፒሱሪ መንደር ላይ መሬቱ ተንሸራቶ በርካታ ዘመናዊ ቪላዎች ተሰነጣጥቀው ነዋሪዎቻቸው ለመልቀቅ ተገድደዋል። ቆጵሮስ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢ ናት፤ አሮጌ የድንጋይና የጭቃ ጡብ ግድግዳ ላይ የኮንክሪት ጣሪያ የተጫነበት ቤት ካዩ መዋቅር መሐንዲስ ሳይገባ ዋጋ አይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ አንድ ሳምንት ሄደን አምስት ቤት ልናይ ነው። ምን እንመልከት? — ጥ.፣ ኦስሎ

መልስ፦ በጥርና በየካቲት ብትሄዱ ይሻል ነበር። በሚያዝያ ሁሉም ቤት ያምራል። በክረምት ኒቆሲያ ሌሊት 5 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ የቆየው ቤት ደግሞ ለሙቀት እንጂ ለብርድ አልተሠራም፦ ነጠላ መስታወት፣ ተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት፣ መከለያ የሌለው ኮንክሪት። ከኦስሎ የሚሄድ ሰው ቤት ውስጥ ካፖርት መልበስ ይገርመዋል።

ባለቤቱን ቁምሣጥኑን ከሰሜን ግድግዳ ትንሽ እንዲያርቀው ጠይቁ፤ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ የሚታየው እዚያ ኋላ ነው። ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተልጦ ነጭ የጨው ዱቄት ካለ እርጥበት ከመሠረት እየወጣ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ይጠየቅ።

ሰገነቱን ከታች ሆናችሁ ወደ ላይ እዩት። በብረቱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሄደ ስንጥቅና የዛገ እንባ ካለ የባሕሩ ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን እያሳበጠው ነው። ብረት ሲዝግ ይፋፋና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ላዩን በስሚንቶ መለሰን ለአንድ ክረምት ያህል ብቻ ይሸፍነዋል።

ጣሪያው ላይ ውጡ፤ የማያስወጣችሁ ባለቤት ካለ ያ ቤት ከዝርዝሩ ይውጣ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ውሃ ማገጃ ሽፋኑ በየተወሰነ ዓመት ይታደሳል፤ መቼ እንደታደሰ ደረሰኝ ይኑር። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያውንና ታንከሩን እዚያው ታገኛላችሁ። ውሃው ጠንካራ ስለሆነ ማሞቂያው ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል፤ ከታች የሚንጠባጠብ ሲሊንደር ለመለወጥ የቀረበ ነው። በድርቅ ዓመት የከተማ ውሃ በየተራ ሊመጣ ስለሚችል የታንከሩ መጠን ቀልድ አይደለም። ላይኛው ፎቅ ላይ የመታጠቢያውን ሙቅ ውሃ ክፈቱ፤ ቀጭን ከሆነ ከታንከር በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ነው፣ ፓምፕ ይፈልጋል።

አፓርታማ ከሆነ የጋራ ወጪውን የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ። ግማሹ ነዋሪ የማይከፍልበት ሕንፃ ሊፍቱ ሲቆም የሚያስጠግነው የለም። ከከተማ ውጪ ያለ ቤት ከሆነ ፍሳሹ ወደ መስመር ይገባል ወይስ ወደ ጉድጓድ? ጉድጓድ ከሆነ በስንት ጊዜ ይመጠጣል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ውሻችንን ይዘን መግባት እንችላለን? ሶኬቱና መኪናውስ? — ብ.

መልስ፦ ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ነው፣ 230 ቮልት። መንዳት በግራ በኩል ስለሆነ መሪው ግራ ያለ መኪና ማምጣት ትርፉ ድካም ነው።

ውሻው ይገባል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቱ። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠርና ከአዲስ ይጀመራል። ኢትዮጵያ የኅብረቱ የተፈቀዱ አገራት ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል። ናሙናው ኅብረቱ ወደሚያውቀው ላቦራቶሪ ተልኮ ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ በሚሊ ሊትር ማሳየት አለበት። ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ የሚቆጠረውም ውጤቱ ከመጣበት ሳይሆን ደሙ ከተወሰደበት ቀን ነው።